የልጅ ጥፋት በሕግ ፊት

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ እርሻና ስለ ጀግኖቻችን ታሪክ ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ልጽፍ የተነሣሁት፣ አንድ ልጅ አጥፍቶ በተያዘ ጊዜ ሕግ እንዴት አድርጎ እንደሚዳኘው ለማስረዳት ነው። ይህንንም ርእስ የመረጥሁት ሕግ ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም። ነገሩ በቤታችን ደርሶ ስላየሁትና፣ በደረሰም ጊዜ ከመካከላችን ሕጉ ምን እንደሚል የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ስላልነበረ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በገና ጨዋታ ነው። በ2014 ዓ.ም. በልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መስክ ላይ የሁለት መንደር ልጆች ልንጫወት ተሰለፍን። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሰው በታኅሣሥ መጨረሻ ሣሩ ጧት ጧት አመዳይ እንደሚለብስ ያውቃል፤ እኛ ግን ብዙዎቻችን በባዶ እግራችን ነበርን። ገና እንዴት ያለ ጨዋታ እንደ ሆነ ለአገሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ሩሩ ከእንጨት የተጠረበ፣ የተጫዋቹም ቁጥር የመጣው ሰው ሁሉ ነው። በዚያ ዕለት ጌታ እንኳ በሎሌው እንደማይቆጣ አገር ያወቀው ስለ ሆነ፣ የተመታ ሰው ቁስሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ክስ አያቀርብም።

የአክስቴ ልጅ በእኛ ወገን ነበር። እርሱና እኔ እኩዮች ነን፤ ነገር ግን በቁመቱ በአንድ ራስ ይበልጠኛል። በጨዋታው መካከል አንድ የወዲያኛው መንደር ልጅ ሁለት ጊዜ አደናቅፎ ጣለው፤ ሰውም ሳቀበት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጨዋታው አበቃ፤ ሩሩም ተነሣ። ያ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ጋቢውን ከመሬት ሊያነሣ ጎንበስ ሲል፣ የአክስቴ ልጅ ከኋላው ደርሶ ቅልጥሙን በገና ዱላ መታው። የአጥንቱ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። እኔ የቆምሁበት ቦታ ከሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር።

ማታ አክስቴ እያለቀሰች ወደ ቤታችን መጣችና ከጓሮ ጠርታ «ነገ ቢጠይቁህ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ነው የመታው በል» አለችኝ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት ወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ነው። እኔም እሺ አልኋት።

በዚያን ጊዜ አንዲት ቃል ይህን ያህል ለምን እንደምትከብድ አልገባኝም ነበር። ኋላ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጬ ሳነብ በ2068ኛው አንቀጽ ላይ አገኘሁት። ይኸውም በስፖርት ጨዋታ ላይ ሳለ አብሮት የሚጫወተውን ወይም ቆሞ የሚመለከተውን ሰው የጎዳ ተጫዋች፣ ተንኮል ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካላፈረሰ በቀር፣ ለጉዳቱ ኀላፊ አይሆንም የሚል ነው። ይህ አንቀጽ ስለ ካሳ እንጂ ስለ ወንጀል የሚናገር አይደለም፤ ቢሆንም ሐሳቡ አክስቴ በልማድ ከምታውቀው ጋር አንድ ነው። ሩሩ በሜዳ ላይ ሳለ የተመታ ቅልጥም የጨዋታ ነው፤ ሩሩ ከተነሣ በኋላ የተመታ ግን የጠብ ነው። በውጭ አገር ራግቢ የሚባል፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ወገቡን ይዘው መሬት ላይ የሚጥሉበት ጨዋታ አለ። እንዲህ ያለው መጣል በመንገድ ላይ ቢደረግ ድብደባ ይባላል፤ በሜዳ ላይ ግን ይጨበጨብለታል። ስለዚህ ጨዋታ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጅ ባጠፋ ጊዜ ሕግ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አደረገ?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ምንም ቢያደርግ በወንጀል አይጠይቀውም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ለዐዋቂ የተደነገገው ቅጣት እንዲሁ አይፈጸምበትም፤ ለእርሱ የተለየ የማረሚያ እርምጃ ተዘጋጅቶለታል። 15 ዓመት ያለፈው ግን፣ 18 ባይሞላውም እንኳ፣ እንደ ዐዋቂ ሰው በመደበኛው ሕግ ይከሰሳል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ጥፋቱን ሲያደርግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በሞት አይቀጣም።

በዚህ ላይ የራሴን አሳብ ብናገር ይቅርታ ይደረግልኝ። ዘጠኝ ዓመት ትንሽ ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ጥጃ እጠብቅ ነበር፤ ጥጃውንም ትቼ ሄጄ ሁለት ጊዜ የሰው ገብስ አስበልቻለሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ጥፋት የማውቀው የአባቴን ቁጣ ብቻ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው አስተያየት ይህ ወሰን ከ14 ዓመት እንዳያንስ መክሯል። ደግሞም 15 ዓመት ከሞላ ማግሥት ጀምሮ ልጁ በአንድ ሌሊት እንደ ዐዋቂ መቆጠሩ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ለእኛ ቤት ክርክሩ ስለዚሁ 15 ዓመት ነበር። በማግሥቱ ፖሊሶች መጥተው ልጁን ሲወስዱት አንደኛው ቁመቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና «16 ዓመት» ብሎ ጻፈ። ያች ቁጥር እንዲያው እንደ ተጻፈች ብትቀር ኖሮ የነገሩ መንገድ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። የልደት ምዝገባ በመላ አገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፣ እኛን የመሰለ ቀደም ብሎ የተወለደ የገጠር ልጅ ብዙውን ጊዜ የምስክር ወረቀት የለውም። አክስቴ ግን ፊደል ባትቆጥርም ዘመን ትቆጥራለች። «ልጄ የተወለደው አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህ ልንገባ ነው እያለ ሲዘፍን፣ በጳጉሜን ነው» አለች፤ ከዚህም ቃል ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለችም። ጳጉሜን 1999 ዓ.ም. ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ልደት ዕለት 14 ዓመት ከ4 ወር ሆኖት ነበር። በኋላ ክርስትና ያነሡት ቄስ ቀርበው አርባ ቀኑ በጥቅምት እንደ ነበረ መሰከሩ፤ በሆስፒታልም አጥንቱ በራጅ ታይቶ ሐኪሙ ከ14 እስከ 15 ይገመታል ብሎ ጻፈ። አንድ የሬድዮና የቴሌቪዥን ዘፈን ለአንድ ልጅ የልደት ወረቀት ሆነለት።

ነገር ግን ይህ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ልጁ አንድ ሌሊት በጣቢያ ከጎልማሶች ጋር በአንድ ክፍል አደረ። የጣቢያውን ስም አልጠቅስም። ምን እንደ ደረሰበት ጠይቄው አያውቅም፤ እርሱም አልነገረኝም፤ ከወጣ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ በር ተዘግቶ መተኛት እምቢ ይል ነበር። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተያዘ ልጅ ከዐዋቂዎች ተለይቶ እንዲቀመጥ ያዝዛል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከ171ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ ወጣት ጥፋተኞች ብቻ የሚናገር ክፍል አለው። በዚያ ውስጥ እንደ ተጻፈው፣ ልጁን የያዘው ፖሊስ ይሁን ወላጅ ወይም ከሳሽ፣ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይዞት መቅረብ አለበት። ፍርዱ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለሞግዚቱ ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለው ደግሞ በቀጠሮው ቀን እንደሚያቀርበው ኀላፊነት ለሚወስድ እምነት ለሚጣልበት ሰው ይሰጣል።

አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ሕጉን ደጋግሜ ባነበብሁት ቁጥር የታየኝ፣ በየመሥመሩ ሰው እንደሚፈልግ ነው። ወላጅ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይጠራዋል። ወላጅም ሞግዚትም ካልተገኘ፣ ወይም ክሱ ከዐሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ከሆነ፣ ጠበቃ ይቆምለታል። እርምጃ ሲወሰንም መጀመሪያ የሚፈለገው ልጁን የሚረከብ ዘመድ ነው። ሰው ያለው ልጅና ሰው የሌለው ልጅ በአንድ ሕግ ፊት ቢቆሙም አንድ ዓይነት ፍርድ ይዘው አይወጡም።

ለአክስቴ ልጅ የቆሙለት አባቴ ናቸው። ከጣቢያው በወጣ ማለዳ ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አባቴ አብረው ቀረቡ፤ እስከ ቀጠሮውም ድረስ ተረክበውት ወደ ቤታችን መጣ።

የቀጠሮው ዕለት እኔ በምስክርነት ተጠራሁ። ችሎት ሲባል በሬድዮ እንደምንሰማው ሕዝብ የተሰበሰበበት አዳራሽ መስሎኝ ነበር። የልጅ ነገር የሚሰማው ግን በዳኛው ቢሮ ውስጥ በዝግ ነው። ከወላጅ ወይም ከሞግዚት፣ ከምስክርና ከባለ ሙያ፣ ልጆችን ከሚረዱ ማኅበራትም እንደራሴዎች በቀር ሌላ ሰው አይገባም። ሥነ ሥርዓቱም ልጁን በማያስፈራ አኳኋን እንዲካሄድ ሕጉ ያዝዛል። ዳኛው ከጠረጴዛቸው ወዲህ ወንበር ስበው ከልጁ ፊት ለፊት ተቀመጡና በአዊኛ ያነጋግሩት ጀመር፤ በመጀመሪያም የጠየቁት ስለ ትምህርቱና ስለ ፈረሱ ነበር። እንዲህ ባለው ቀለል ያለ ነገር ዐቃቤ ሕግ የክስ ጽሑፍ እንኳ አያዘጋጅም፤ ልጁን ያመጣው ሰው ነገሩን በቃሉ ያስረዳል፤ የከበደ ወንጀል ሲሆን ብቻ ነው ፍርድ ቤቱ ክስ እንዲጻፍ የሚያዝዘው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ሩሩ ተነሥቶ ነበር ወይስ አልተነሣም?» አሉኝ።

አክስቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየኛለች። እሺ ያልኋት ትዝ አለኝ። የዚያም ልጅ ጋቢ ሣሩ ላይ ወድቆ ታየኝ። «ተነሥቶ ነበር» አልሁ። አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ከዚያም ቀን በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገረችኝም።

በዚያች ቃል ልጁን ለወኅኒ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለዐዋቂ ሰው ጥፋቱ ከታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው የቅጣቱ ልክ ነው፤ ለልጅ ግን ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ገና ሌላ ጥያቄ ይጀመራል፤ ይኸውም ይህ ልጅ ማን ነው የሚል ነው። ዳኛው ስለ ጠባዩ፣ ስለ አስተዳደጉና ስለ ትምህርቱ ከወላጆቹ፣ ከትምህርት ቤቱና ከሐኪም መረጃ እንዲያስቀርቡ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። የክፍል ኀላፊው ቀርበው፣ ልጁ ቁጡ እንደ ሆነ አልሸሸጉም፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ በመኸርና በእርሻ ጊዜ ከክፍል እንደሚቀርም ተናገሩ።

ዳኛው ከሚመርጧቸው እርምጃዎች አንዱ፣ ልጁ በሽተኛ ከሆነ ወደ ሕክምና መላክ ነው። ጥፋቱን እንዲረዳ በተግሣጽ መገሠጽም አለ። በዕረፍት ሰዓቱና በበዓላት ቀን በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ ማዘዝም ይቻላል። ከሁሉ የሚከብደው ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ሲሆን ይህ ከአንድ ዓመት አያንስም፤ ከአምስት ዓመትም አይበልጥም፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። እጅግ ከባድ ወንጀል የሠራ ልጅ ሊታሰር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ያም ቢሆን ልዩ ወሰን አለው። ቀድሞ በ1949 ዓ.ም. ሕግ ላይ ልጅን መግረፍ እንደ ቅጣት ተጽፎ ነበር፤ በ1996ቱ ሕግ ቀርቷል። ይህን ለአያቴ ባነብላቸው «ታዲያ በምን ሊሰማ ነው?» አሉኝ።

ስለ ማረሚያው ተቋም አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ዘመን በአገራችን ለልጆች ብቻ ተብሎ የተቋቋመው ቤት በአዲስ አበባ ያለው ብቻ ነበር። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአዊን ልጅ ለማረም ከእናቱ ይህን ያህል ማራቅ፣ ሰው ከመፈለጉ ሕግ ጋር እንዴት እንደሚስማማ እኔ አላውቅም።

ዳኛው ልጁን ለአባቴ ሰጡ። ሕጉ እንደሚለው፣ የተረከበው ዘመድ ልጁን በመልካም ጠባይ እንዲኖር እንደሚጠብቀው በፍርድ ቤት ፊት በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። አባቴ ስማቸውን ከመጻፍ በቀር ብዙ አይጽፉም፤ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነብበው ፈረሙ። እንዲህ ያለ እርምጃ የተወሰነበት ልጅ በወንጀል እንደ ተቀጣ ሰው አይቆጠርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ከእኔ ጋር በአንድ መደብ ይተኛ ነበር፤ ጧትም አባቴ ሁለታችንን አስከትለው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሱን ነበር፤ ይህም ለእኔ የማይገባኝ ቅጣት ሆኖ ተሰማኝ።

ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን ሽማግሌዎች ገብተው ነበር። ብዙ ሰው እርቅ ከወረደ ክሱም ይቀራል ብሎ ያስባል። ቀላል የአካል ጉዳት በተጎጂው አቤቱታ የሚታይ ስለ ሆነ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ዱላን የመሰለ ጉዳት የሚያደርስ መሣሪያ ከተያዘ ግን ነገሩ የተጎጂው ብቻ መሆኑ ይቀራል። ያም ሆኖ የእርቁ ጥቅም ትልቅ ነበር፤ ሁለቱ መንደሮች በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ናቸውና። የሕክምናው ወጪና ካሳው ተቆርጦ ተከፈለ፤ ሁለቱም ወገኖች ማሉ።

ነገር ግን ሽማግሌዎቹ በቀርከሃው ጥላ ተቀምጠው ሲመክሩ የአክስቴ ልጅ ወዴት ነበር? ራቅ ብሎ የሽማግሌዎቹን ፈረሶች ይጠብቅ ነበር። አንድም ሰው ጠርቶ «ለምን መታኸው?» አላለውም። የተመታውም ልጅ እግሩ ታስሮ በቤቱ ተኝቷል። ካሳውን የተቀባበሉት አባቶች ናቸው፤ የተጣሉት ልጆች ግን አልተገናኙም።

ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ነው ስለ ኒው ዚላንድ ያነበብሁት። ያነበብሁትም ሕግ ፈልጌ ሳይሆን ቀድሞ የጠቀስሁትን የራግቢ ጨዋታ ፈልጌ ነው። ኒው ዚላንድ በዚህ ጨዋታ ስመ ጥር አገር ናት። በየወገኑ 15 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በእጅ የሚቀበሉት ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ከባላጋራ መሥመር ተሻግሮ ኳሱን መሬት ያስነካ ነጥብ ያገኛል። ከተጫዋቾቹ ሁሉ የገነነው ጆና ሎሙ ነው። ወላጆቹ ከቶንጋ ደሴት የመጡ ሲሆኑ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ተወልዶ ያደገው በኦክላንድ ከተማ ደቡብ፣ ወሮበሎች በቡድን በሚጣሉበት ሰፈር ነበር። አጎቱና ሌላ ዘመዱ በዚያ ጠብ ሞቱ። እናቱ ይህን ባየች ጊዜ በ1989 እ.ኤ.አ. ከሰፈሩ አውጥታ ዌስሊ ኮሌጅ ወደ ተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ላከችው። በ1994 ገና በ19 ዓመቱ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ባልተሰለፈበት ዕድሜ፣ ለአገሩ ተጫወተ። በ1995 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ መሥመሩን ተሻገረ፤ በፍጻሜው ግን ቡድኑ በደቡብ አፍሪካ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኩላሊት ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ ከሕመሙ ጋር እየታገለ ለአገሩ በጠቅላላ 63 ጊዜ ተሰልፎ 37 ጊዜ መሥመር ተሻገረ። በ2004 ሌላ ኩላሊት ተተክሎለት ነበር፤ በ2015 በ40 ዓመቱ ዐረፈ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ዓመቱ ነው። የሎሙ እናት ልጇን ከሰፈሩ ባወጣችበት በዚያው በ1989 ኒው ዚላንድ ስለ ልጆችና ስለ ቤተሰብ አዲስ ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ መሠረት ልጅ ሲያጠፋ የቤተሰብ ጉባኤ ሊጠራ ይችላል። ልጁ፣ ዘመዶቹ፣ ተበዳዩ ከፈለገ ተበዳዩ፣ ፖሊስም በአንድነት ተቀምጠው የሚደረገውን ይመክራሉ፤ ጉዳዩ ሁሉ ወደ ፍርድ ቤት መድረስ የለበትም። አሳቡ በብዙ የመጣው ከአገሩ የቀድሞ ነዋሪዎች ከማኦሪዎች ልማድ ነው። ጉባኤው ነገሩን ሁሉ አልፈታም፤ ዛሬም ፍርድ ቤት ከሚቀርቡት ወጣቶች መካከል የማኦሪ ልጆች ቁጥር ከሕዝባቸው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ሆኖም እነርሱ ሽምግልናውን ከሕግ መጽሐፍ አስገብተው ልጁን ከሽማግሌው ፊት ሲያስቀምጡት፣ ሽምግልናውን ከአባቶቻችን የወረስን እኛ ልጁን ፈረስ ጠባቂ አደረግነው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጳጉሜን 18 ዓመት ሞላው። እኔም ሞልቶኛል፤ ስለዚህ ከላይ የጻፍኋቸው አንቀጾች ከእንግዲህ ሁለታችንንም አይመለከቱም። አባቴ የፈረሙት ወረቀት ግልባጭ ከሣጥናቸው ውስጥ ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር ታጥፎ አለ።

በዘንድሮው ልደት ማንም ሳይልከው ብቻውን ወደዚያ ልጅ ቤት ሄደ። ልጁ እግሩ ድኗል፤ በብርድ ጊዜ ግን ጥቂት ያነክሳል። ሲመለስ ምን እንደ ተባባሉ ጠየቅሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ስለ ድንች ዋጋ ተጫወትን» አለኝ።